«በኋላ ራም እንጨምርበታለን»

ዋሂል ያለችው አጥቢያችን ወጣቶች ከሁለት ዓመት በፊት ላፕቶፕ ለመግዛት ገንዘብ ሲያዋጡ መራጩ እኔ ነበርኩ። ኮሌጅ የተማረ ሰው ጥቂት በሆነበት ቦታ እንዲህ ያለ ሹመት ቶሎ ይገኛል። ድሬዳዋ ሱቅ ውስጥ ሁለት ቀረቡልኝ፤ አንዱ ያገለገለ፣ ወፍራምና ከባድ፣ ሌላው አዲስ፣ እንደ መዝሙር ደብተር የቀጠነ። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። ቀጭኑን ወሰድኩ። አብሮኝ የነበረው የመዘምራን መሪ «ራሙ 4 ጊጋ ብቻ ነው፤ ለመዝሙር ቅጂ ይበቃናል?» ሲለኝ «በኋላ ራም እንጨምርበታለን» አልኩት። እሑድ በጉባኤው ፊትም ይህንኑ ደገምኩ።

ያልኩት ከልምድ ነው። ኮሌጅ ሳለሁ የነበረኝ ላፕቶፕ ከሥሩ ትንሽ ክዳን ነበረችው። ሁለት ብሎን በካቻቪቴ ፈትቼ፣ ሁለተኛ ራም ሰክቼ፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ሌላ ማሽን ሆኖ ተነሣ።

አዲሱ ስድስት ወር ሳይሞላው ይንቀራፈፍ ጀመር። ድሬዳዋ፣ ታይዋን ገበያ፣ ላፕቶፕ ለሚጠግን አንድ ልጅ ወሰድኩለት። ከፍቶ አሳየኝ፤ ራም የሚሰካበት ቦታ የለውም። ጥቋቁሮቹ ቺፖች ማዘርቦርዱ ላይ ተበይደዋል። ፋይል የሚቀመጥበት 64 ጊጋም እዚያው ተበይዷል። ባትሪው በማጣበቂያ ተለጥፏል።

«አቦ መምህር፣ ይሄ የተወለደበትን ይዞ ነው የሚሞተው» አለኝ።

በኋላ ሳነብ ነገሩ የቆየ መሆኑን አወቅሁ። አፕል እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው ቀጭን ማክቡክ ኤር ላይ ራሙን በይዶታል፤ በ2012 በሬቲና ማክቡክ ፕሮ ላይ ባትሪውንም አጣበቀው። ሌሎቹም ተከተሉ። እውነቱን ለመናገር የተበየደ ራም ቦታ ይቆጥባል፣ ኃይልም ይቀንሳል። ቀጭን የፈለግነውም እኛው ነን፤ እኔ ሱቁ ውስጥ የመረጥኩት በዓይኔ ነበር። በሌላ መንገድ የሄዱም አሉ። ፍሬምዎርክ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ከ2021 ጀምሮ ባለቤቱ ራሱ ፈትቶ ዕቃ የሚቀይርበት ላፕቶፕ ይሸጣል። ፈረንሳይም በዚያው ዓመት አንድ ላፕቶፕ ለጥገና ምን ያህል እንደሚመች በነጥብ ተለክቶ ከዋጋው አጠገብ እንዲታይ አስገድዳለች። እኔ በገዛሁበት ሱቅ ከዋጋው በቀር የተለጠፈ ነገር አልነበረም።

የልጁ አባት የምድር ባቡር ወርክሾፕ ሠራተኛ ነበሩ። ባቡር ድሬዳዋ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው፤ ከተማዋም ያደገችው በዚያ ጣቢያና ወርክሾፕ ዙሪያ ነው። «አባዬ የተሰበረ ብረት ሲመጣለት በቶርኖ ሌላ ይቀርጽ ነበር፤ እኔ ይሄን በምን ልቅረጸው?» አለ፣ ቺፑን በካቻቪቴው ጫፍ እየነካ።

ብዙም ሳይቆይ ማዘርቦርዱ ሞተ። የድሮው ዓይነት ቢሆን ሀርድ ዲስኩን አውጥቶ ሌላ ላይ መሰካት ይቻል ነበር። የመዘምራኑ 11 መዝሙሮች እዚያ ውስጥ ቀሩ። ፍላሽ ላይ ያልገለበጥኩት እኔ ነኝ፤ ይህን በፋብሪካው ማሳበብ አልችልም። በ2ኛ ነገሥት 6 መጥረቢያው ውኃ ውስጥ የወደቀበት ሰው የጮኸው የተዋሰው ስለነበር ነው። የእኔም ጭንቀት እሱ ነበር።

ቃል የገባሁት በጉባኤ ፊት ስለሆነ በጉባኤ ፊት ተነሥቼ ነገርኳቸው። ማንም አልተቆጣም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። አንዲት ዘማሪ ብቻ «መምህር፣ የእኔስ መዝሙር?» አለች። የራሷ ድርሰት ነው፤ ወረቀት ላይ አልጻፈችውም ነበር።

አሁን ያገለገለ ወፍራም ላፕቶፕ አለን፤ ዘጠኙን መዝሙሮች እንደገና ቀድተናል። እሷ አዝማቹን አግኝታዋለች፤ የቀረው ገና አልመጣላትም። ቅዳሜ ከልምምድ በኋላ ትቆያለች፣ እኔም ማሽኑን ሳልዘጋ እጠብቃታለሁ።