የጎመን አገዳና የእኛ ኩራት

በዚህ መጽሔት ስለ ትምህርት፣ ስለ ኅብረትና ስለ አገር ዕድገት ብዙ ተጽፏል። እኛ ዛሬ የምናቀርበው ግን ስለ ጎመን ነው። የሚሥቅ ይሣቅ፤ ሲርበው ይመለስበታል።

ያቤሎ ውስጥ አንዲት ክፍል ለአራት ተከራይተን ስንኖር፣ የወር ገንዘባችን ወሩ ሳይጋመስ ያልቅ ነበር። ስለ ሕዝብ ችግር እስከ እኩለ ሌሊት የምንከራከር ሰዎች፣ ሽንኩርት የመክተፍ ተራ ሲደርሰን ግን ሁላችንንም ራስ ምታት ይይዘን ነበር። አንድ ቀን ከገበያ በርካሽ ያገኘነው ጎመን፣ አገዳ ያወጣና ጫፉ ሊያብብ የደረሰ ሆነ። ቅጠሉን መልምለን አገዳውን ወደ ደጅ ወረወርነው። እማማ የምንላቸው የቤቱ ባለቤት ከቆሻሻው ላይ እያነሡ፣ «ልጆቼ፣ ሥጋውን ጥላችሁ ቆዳውን ልትቀቅሉ ነው?» አሉን። አፈርን።

እማማ ያስተማሩን ይህ ነው። የአገዳውን ልጥ ከሥሩ በቢላዋ ጫፍ ይዞ እንደ ሸንኮራ መላጥ፤ አልላጥ ያለው ጠንካራው ክፍል የፍየል ድርሻ ነው። የቀረውን በጣት ርዝመት ቆርጦ፣ ጨው በገባበት የሚፈላ ውሃ ውስጥ መጨመር፤ ቅጠሉና እንቡጡ የሚገቡት ከሁለት ደቂቃ በኋላ ነው። ድስቱ አይከደንም፤ ከተከደነ አረንጓዴነቱ ይጠፋል። አገዳው ለስለስ ሲል፣ ነገር ግን ሳይልፈሰፈስ ይወጣል። ከዚያ ሽንኩርት በዘይት አቁላልቶ፣ ነጭ ሽንኩርትና ቃርያ ጨምሮ፣ ጎመኑን አንድ ጊዜ አገላብጦ ማውረድ ነው። የቸኮለ ሰው የተላጠውን አገዳ ጥሬውን በጋለ ምጣድ በጥቂት ዘይት ጠብሶ በአዋዜ ይብላ። ቀኑ የፍስክ ከሆነ ቅቤና ሚጥሚጣ ይበቃዋል። የተቀቀለበትን ውሃ መድፋት ግን ነውር ነው። ቫይታሚን ሲ በውሃ የሚሟሟ ስለሆነ ከፊሉ እዚያው ይቀራል፤ እኛም ውሃ በጀሪካን የምንገዛ ሰዎች ነበርንና ሽሮ እንሠራበት ነበር።

በውጭ አገር ረዥም አገዳ ያለው ብሮኮሊ በውድ ዋጋ ይሸጣል። ጃፓኖች ብሮኮሊንና የቻይናን ጎመን አዳቅለው ያወጡት ነው። የእኛም የሐበሻ ጎመን ድቅል ነው፤ ይኸውም ናጋሃሩ ዩ የተባሉ ተመራማሪ በ1935 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት እንዳስረዱት፣ ከጥቁር ሰናፍጭና ብሮኮሊ ከሚመደብበት የጎመን ዝርያ የተገኘ ነው። እንግዲህ እኛ ወደ ደጅ የወረወርነው የዚያ ውድ አትክልት የሥጋ ዘመድ ኖሯል።

ከአራታችን አንዱ የቦረና ልጅ ነው። «ቅጠልማ የከብት ነው» እያለ ይሥቅብን፣ ሻዩን ብቻ ይጠጣ ነበር። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናም ወቅቶች ተከታትለው ሲከዱ፣ በቦረና ከብቱ በብዛት አለቀ፤ በጓደኛችንም ቤት የወተቱ ዕቃ ደረቀ። በእነዚያ ወራት አንድ ማታ ምንም ሳይናገር እጁን ወደ ሳህናችን ሰደደ። እኛም ምንም አልተናገርንም።

ዝናሙ ከተመለሰ በኋላ ለዕረፍት ወደ ቤቱ ሲሄድ፣ እማማ ለምጣድ ማሰሻ ካስቀመጡት የጎመን ዘር ጥቂት በወረቀት ጠቅልለው ሰጡት። እናቱ ከቤት ጀርባ ዘርታ በእጅ መታጠቢያ ውሃ አሳደገችው። ግማሹን ፍየል በላው፤ ግማሹን ቤተሰቡ በላ። ጎመን ላምን እንደማይተካ ጓደኛችን ያውቃል፤ ለቦረና ሰው ይህን የሚያስተምር አያስፈልግም። ቢሆንም አንድ ወር አሻግሯቸዋል።

«የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» ሲባል እየሰማን አድገናል። ጎመንን የድህነት ምልክት አድርገን ስንሸሸው፣ የምንሸሸው የገዛ ቤታችንን መሆኑን ከትምህርት ቤት ሳይሆን ከእማማ ጓዳ ተማርን። እንግዲህ ወንድሞች፣ ምንቸቱን ከማስወጣታችን በፊት ውስጡን እንይ። የዛሬ ተረኛም ሽንኩርቱን ይክተፍ።