የጅባራው ቁጥር

ከላሊበላ ከተማ በላይ ተንሰራፍቶ በሚታየው፣ ከፍታው ከ4 ሺህ 200 ሜትር በሚበልጠው በአቡነ ዮሴፍ ተራራ የሚኖሩ ፍጥረታት ስም አላጡም፤ ችግራቸው ይልቁንም የስም ብዛት ነው። የላስታ እረኛ ቀይ ቀበሮ የሚለውን አውሬ ጀርመናዊው ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል ከስሜን ተራሮች ባገኘው ናሙና ተመርኩዞ እ.ኤ.አ. በ1840 ካኒስ ሲመንሲስ አለው፤ በ1868 ሌላ ሊቅ ከውሻ ወገን አውጥቶ ሲሜኒያ የሚባል የብቻ ወገን ሰጠው፤ ኋላ የመጡት ደግሞ ወደ ቀድሞ ወገኑ መለሱት፤ በእንግሊዝኛም ቀበሮ፣ ቀጥሎ ጃካል፣ አሁን ደግሞ ተኩላ ሆኗል። አውሬው ግን ይህ ሁሉ ሲሆን አይጡን ከማደን አልቦዘነም።

ስም እንዲህ የሚገለባበጥ ከሆነ፣ ሊቃውንት ስለ አንድ የተወሰነ ቆዳ፣ አጥንት ወይም ቅጠል ሲነጋገሩ የሚጨብጡት ሌላ ነገር ያሻቸዋል፤ እሱም የናሙና መለያ ቁጥር፣ ማለትም ለአንዱ ናሙና ብቻ ተሰጥቶ ለሌላ የማይደገም ምልክት ነው። ቁጥሩ ስለ ፍጥረቱ ምንም አይናገርም፤ የሚታመነውም በዚሁ ዝምታው ነው፤ የዝርያው ስም ቢሻር እሱን የሚነካው ነገር የለም።

ለላሊበላ ሰው ይህ ነገር እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በ1997 ከቤተ መድኃኔ ዓለም ተሰርቆ በ2001 ከቤልጂየም የተመለሰው አፍሮ አይገባ መስቀል ማንነቱ የሚታወቀው በገጽታው እንጂ በቁጥር አይደለምና። ተጭኖ የደረቀ ሣር ግን ይህን የመሰለ ክብር የለውም፤ ከሺህ ቡናማ ሣሮች መካከል ሲገኝ የሰበሰበው ሰው ራሱ አይለየውም።

በኢትዮጵያ ተራሮች የዕፅዋት ናሙናን በቁጥር እየለዩ ማሠራጨትን በስፋት ካስለመዱት መካከል ጀርመናዊው ዊልሄልም ሺምፐር ቀዳሚ ስፍራ አለው። እ.ኤ.አ. በ1837 ትግራይ የገባውና በ1878 አድዋ ላይ የሞተው ይህ ሰው የላካቸው ዕፅዋት ኤስሊንገን በተባለች የጀርመን ከተማ ባለ ማኅበር አማካይነት በቅድሚያ ገንዘብ ላዋጡ ደንበኞች ይታደሉ ስለነበር፣ ከአንድ ስብስብ የወጡ ቅርንጫፎች አንድ ቁጥር የታተመበት ወረቀት እየተለጠፈባቸው ወደ ፓሪስም ወደ በርሊንም ወደ ሌላም ከተማ ተበተኑ። የበርሊኑ የደረቁ ዕፅዋት ቤት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1943 በቦምብ ሲቃጠል የዚህ አሠራር ጥቅም ታየ፤ በርሊን ላይ አመድ የሆነው ናሙና ወንድሙ ሌላ ከተማ ተገኝቶ በቁጥሩ ተለይቶ ሊተካው ቻለ። ሺምፐር ግን በኋለኞቹ ዓመታት ቁጥሩን እንደገና ከአንድ ስለ ጀመረ፣ ዓመቱ ወይም ክፍሉ ካልተጠቀሰ «ሺምፐር 200» ማለት የትኛው 200 እንደሆነ አይታወቅም። በአንድ ክፍል ውስጥ የማይደገም ቁጥር ለዓለም ይበቃል ማለት አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1974 ሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ በዚህ በኩል ዕድለኛ ናት። በመዝገብ ኤ ኤል 288-1 ትባላለች፤ ሁለቱ ፊደላት «የአፋር ቦታ» የሚለውን፣ 288 የተገኘችበትን ቦታ ቁጥር፣ ከሰረዙ በኋላ ያለው 1 ደግሞ በዚያ ቦታ የተመዘገበችበትን ተራ ያመለክታሉ። እያንዳንዱ አጥንቷ ተጨማሪ ፊደል ስላለው፣ የላቲኑ ፊደል አልቆ በጥንድ መጻፍ ሲጀመር የግራ ጭኗ «ኤ ፒ» የሚል ደረሰው። ድንቅነሽ የሚለው ስም የሕዝብ ነው፤ ሳይንሱ ጭኗን የሚጠራት ግን «ኤ ፒ» እያለ ነው።

ምልክት የሚሰጠው ለናሙና ብቻ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1959 በአዲስ አበባ የተቋቋመው ብሔራዊ ሄርባሪየም፣ ማለትም ደርቀው በወረቀት የተለጠፉ ዕፅዋት የሚጠበቁበት ቤት፣ በዓለም አቀፉ መዝገብ «ኢ ቲ ኤች» በሚል ምልክት ይታወቃል። ከ1980 እስከ 2009 የተዘጋጀው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍም አገሩን በሁለት ሁለት ፊደል ሲከፋፍል የወሎን ደጋ «ደብልዩ ዩ» ስላለው፣ የዛጉዌ ነገሥታት መናገሻ የነበረችው ላስታ በዚያ ካርታ የራሷ ፊደል አልተረፈላትም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ሰብሳቢን የሚፈትነው ጅባራ ነው። የአበባው ዘንግ ብቻ ከሰው ቁመት በላይ የሚወጣው ይህ ተክል፣ ርዝመቱ ግማሽ ሜትር በማይሞላ ወረቀት ላይ እንዲያርፍ ቅጠሉ ለብቻ፣ የአበባው ክፍል ለብቻ፣ የግንዱ ቁራጭ ለብቻ ተቆርጦ ይጫናል፤ ሰብሳቢው በየወረቀቱ ጥግ አንዱን የመስክ ቁጥር ይደጋግምበታል። ኮምፒውተር ሲመጣ ደግሞ እያንዳንዱ ወረቀት የራሱ ባርኮድ ይለጠፍበት ጀመር፤ በመሆኑም አንድ ጅባራ በአራት ወረቀት ከተለጠፈ፣ አንዱም ወረቀት ለሌላ አገር ሙዚየም ከተሰጠ፣ ጥንቃቄ በጎደለው የመረጃ ቋት ውስጥ በሁለት አገር የሚቀመጡ አራት ጅባራዎች ሆኖ ይቆጠራል። አራቱ አንድ ተክል እንደነበሩ ለማወቅ ተመልሶ የሚታየው፣ ሰብሳቢው ተራራው ላይ ሳለ በእርሳስ የጻፈው የመስክ ቁጥር ነው።