ወደ ተመስጦ አቋራጭ መንገድ አለ?

ግንባር ላይ ታስሮ የአንጎልን ሞገድ የሚያነብ መሣሪያ ማስታወቂያ ስልኬ ላይ እየደጋገመ ይመጣል። ሚውዝ ይባላል። ሐሳብ ሲበተን የነፋስ ድምፅ ይበረታል፣ ሲረጋ ወፎች ይዘምራሉ። ሲያልቅ ውጤት ይሰጣል። ተመስጦም እንደ ፈተና ሊታረም ነው ማለት ነው!

ሐሳቡ የቆየ ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ሃንስ በርገር እ.ኤ.አ. በ1924 የሰውን አንጎል ኤሌክትሪክ ከራስ ቅል ላይ መዘገበ። በ1960ዎቹ አሜሪካዊው ጆ ካሚያ፣ ሰዎች በሴኮንድ ከ8 እስከ 12 ጊዜ የሚመላለሰውን «አልፋ» ሞገድ በድምፅ ምልክት እየተመሩ ማብዛት እንደሚማሩ አሳየ። የጃፓን የዜን መነኮሳት በተመስጦ ላይ ሳሉ አልፋቸው ይበዛ ስለነበር፣ ብዙዎች «እንግዲያው ገዳሙ ለምን ያስፈልጋል?» አሉ። የአልፋ ማሽን ገበያው ደራ። አልፋ ግን ዓይን በመጨፈን ብቻም ይጨምራል፤ ኋላ ሲመረመር፣ ተጠቃሚዎቹ የተሰማቸው ደስታም በአብዛኛው ከጠበቁት የመጣ ነበር። ዓይን ለመጨፈን ደግሞ ማሽን አያሻም።

ካናዳዊው ማይክል ፐርሲንገር የባሰውን ሞከረ። ደካማ መግነጢሳዊ መስክ በሚፈጥር የራስ ቁር፣ ሰዎች የማይታይ መንፈስ አጠገባቸው ያለ እንዲመስላቸው አደርጋለሁ አለ፤ ቁሩም «የእግዚአብሔር ቁር» ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2005 የስዊድን ተመራማሪዎች፣ መስኩ መቼ እንደበራ ተፈታኙም ፈታኙም ሳያውቁ ደገሙት። መስኩ ምንም ለውጥ አላመጣም፤ ልዩነቱ የመጣው በቀላሉ ከሚያምኑት ሰዎች ባሕርይ ነበር።

እኔን ይበልጥ የገረመኝ ግን የአንጎል ተመራማሪው የሪቻርድ ዴቪድሰን ቡድን እ.ኤ.አ. በ2004 ያሳተመው ጥናት ነው። ከ10,000 እስከ 50,000 ሰዓት ተመስጦ የያዙ የቲቤት ቡድሂዝም ተከታዮች «ጋማ» የተባለው ፈጣን ሞገዳቸው ከጀማሪዎቹ የበለጠ ነበር። ልዩነቱ በጥናቱ ጊዜ ገና ወደ ተመስጦ ሳይገቡም ይታይ ነበር። ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ ልምምዱ እንዲህ አደረጋቸው ብሎ መደምደምም አይቻልም። ሆኖም ጥያቄውን ወደ ትክክለኛው ቦታ ያመጣዋል፦ የምንፈልገው ለሃያ ደቂቃ የሚዘልቅ ስሜት ነው ወይስ ከተነሣን በኋላ የሚቀር ጠባይ?

መሣሪያው ለመጀመሪያው ሊረዳ ይችላል፤ ለጀማሪ ሐሳቡ መቼ እንደበረረ ቢነግረው ክፉ አይደለም። ሁለተኛው ግን የሚገኘው የባከነን ሐሳብ ደጋግሞ ከመመለስ ነው፤ ማሽኑ ያንን ድካም ካስቀረ ልምምዱን ራሱን አስቀረው።

ገዝታችሁ ከሆነም ተጠቀሙበት። ለውጥ አለ የለም የሚለውን ግን የስልኩን ውጤት ሳይሆን አብረዋችሁ የሚኖሩትን ጠይቁ።