ሳሎን ውስጥ የሚሮጥ ሰው የት ይደርሳል?

ቪዲዮ ጌም ሲባል ብዙ ወላጅ የሚታየው ሶፋ ላይ ተጋድሞ ጣቱን ብቻ የሚያንቀሳቅስ ልጅ ነው። አይፈረድበትም። የአዲስ አበባን ፕሌይስቴሽን ቤቶች የሚያውቅ ሰው ትዕይንቱን ያውቀዋል፤ ሁለት ጎረምሶች ከሰዓቱን ሙሉ ኳስ ሲጫወቱ ውለው ከወንበራቸው ብድግ የሚሉት ጎል ሲገባ ብቻ ነው። ላብ ካለም የክፍሉ ሙቀት ያመጣው ነው።

ይሁንና የዚህን ተቃራኒ የሚሸጥ ገበያ ከተከፈተ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ጌሙ ራሱ «ካልዘለልክ፣ ካልጎነበስክ፣ ካልሮጥክ አልጫወትልህም» ቢልስ? ልጁ እየተጫወተ ስፖርት ሠራ ማለት ነው። ወላጅ ከጭቅጭቅ ተገላገለ፤ ነጋዴውም ሸጠ። ሁሉም የሚያተርፍበት ንግድ ሲቀርብ ግን ቆም ብሎ ሒሳቡን ማየት አይከፋም።

የጃፓኑ ኮናሚ «ዳንስ ዳንስ ሬቮሉሽን»ን እ.ኤ.አ. በ1998 ለጌም ቤቶች ሲያቀርብ ነገሩ ጭፈራ ነበር። ተጫዋቹ ቀስት የተሳለበት ወለል ላይ ይቆምና ስክሪኑ ባዘዘው ቅደም ተከተል ይረግጣል፤ በቃ ይኸው ነው። ነገር ግን አንድ ሁለት ዘፈን የጨፈረ ሁሉ ላብ በላብ ሆኖ ነበር የሚወርደው። በልጆች ውፍረት የተቸገረችው የአሜሪካዋ ዌስት ቨርጂኒያ እ.ኤ.አ. በ2006 ይህንኑ ጌም በመንግሥት ትምህርት ቤቶቿ ሁሉ ለማስገባት ማቀዷን አስታወቀች። በዚያው ዓመት መጨረሻ ኒንቴንዶ «ዊ» የተባለውን ኮንሶል አወጣ። ሪሞቱን እንደ ራኬት እየወዘወዙ ቴኒስ መጫወት፣ እንደ ቦክሰኛ አየሩን መምታት ተቻለ። ኮንሶሉ ከ100 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። በ2007 መጨረሻ ደግሞ «ዊ ፊት» ተከተለ፤ የቤት ሚዛን የመሰለ ሰሌዳ አብሮት ይመጣል፤ ላዩ ላይ የወጣውን ሰው ይመዝናል፣ ሚዛኑን ይፈትናል፣ ክብደቱ ከፍ ካለም ያለምንም ይሉኝታ ይነግረዋል። እሱም ከ20 ሚሊዮን በላይ ገዢ አገኘ።

ሕዝቡ ከገዛ በኋላ ተመራማሪዎች መለካት ጀመሩ።

የእንቅስቃሴን ጥንካሬ ለመለካት ባለሙያዎች «ሜት» የሚባል መለኪያ ይጠቀማሉ። ቁጭ ብሎ ማረፍ አንድ ሜት ነው። ከሦስት በታች ያለው ቀላል እንቅስቃሴ ነው፤ ከሦስት እስከ ስድስት ያለው መካከለኛ ሲሆን ፈጠን ያለ እርምጃ የሚመደበው እዚህ ነው፤ ከስድስት በላይ ያለው ከባድ ነው፤ ሩጫን የመሰለ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ ወይም 75 ደቂቃ ከባድ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ በዚያ ላይ ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠናክር ሥራ። ለልጆችና ለታዳጊዎች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ነው።

በ2007 የእንግሊዝ ሊቨርፑል ተመራማሪዎች ታዳጊዎችን ዊ አጫውተው የሚያቃጥሉትን ኃይል ለኩ። ቁጭ ተብሎ ከሚጫወቱት ጌም የበለጠ አቃጠሉ። ግን እውነተኛው ቴኒስና ቦክስ ከሚጠይቀው በታች ነበር፤ ለልጆች የሚመከረውን የዕለት እንቅስቃሴ ለማሟላትም አይበቃም ተባለ። በጃፓን የተደረገው ልኬት ደግሞ የበለጠ ዝርዝር ነበር። አዋቂዎች የሚተነፍሱት አየር በሚለካበት ዝግ ክፍል ውስጥ ሆነው በዊ የሚሠሩ 68 ዓይነት እንቅስቃሴዎችን አንድ በአንድ ሞከሩ። በ2010 የወጣው ውጤት እንዲህ ይላል፦ 46ቱ ከሦስት ሜት በታች፣ 22ቱ መካከለኛ፣ ስድስት ሜትን ያለፈ ግን አንድም የለም። ከሦስቱ ሁለቱ ያህል እንቅስቃሴዎች ዘና ብሎ ከመንሸራሸር ብዙም አይርቁም ማለት ነው።

ምክንያቱ ለመረዳት አይከብድም። ማሽኑ የሚያየው ሪሞቱን እንጂ ሰውየውን አይደለም። ጀማሪ ተጫዋች ወገቡን አዙሮ፣ እግሩን ከፍቶ፣ ከትከሻው ይመታል። ከሳምንት በኋላ የእጅ አንጓውን ቆረጥ ማድረግ ብቻ እንደሚበቃ ይደርስበታል፤ ከዚያ ወዲያ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ሻምፒዮን ይሆናል። በእውነተኛው ስፖርት ሰው እየሠለጠነ ሲሄድ የበለጠ ይሮጣል፤ በዚህ ጌም ሲሠለጥን የሚማረው አለመልፋትን ነው። (ያልተማሩትም ነበሩ። አንድ ወጣት ሐኪም ለሰዓታት የዊ ቴኒስ ሲጫወት ውሎ ትከሻውን አሞት ሲነሣ፣ ጉዳዩ በ2007 ስመ ጥሩ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ በጌሙ ስም ተሰይሞ ወጣ።)

እንዲህ ያለው ልኬት በታተመበት በ2010 የአሜሪካ የልብ ማኅበር አርማውን በዊ ላይ እንዲያርፍ ፈቀደ። ኒንቴንዶ በበኩሉ ለማኅበሩ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ። የማኅበሩ መከራከሪያ «ጨርሶ ከማይንቀሳቀስ ይሻላል» የሚል ነበር። ከመጋደም መቆም እንደሚሻል ማንም አይክድም። ነገር ግን የልብ ሐኪሞች ማኅተም ያረፈበትን ካርቶን የገዛች እናት የተረዳችው «ከመጋደም ይሻላል» የሚለውን አይመስልም፤ «ልጄ ስፖርት ሠራ» የሚለውን ነው።

ከሜት ቁጥር ይልቅ ግን የሚበልጥ ጥያቄ አለ። ጌሙ ቤት ከገባ በኋላ የሰውየው ሕይወት ተለወጠ ወይ? በሂዩስተን፣ ቴክሳስ ያሉ ተመራማሪዎች ይህን በብልሃት ፈተኑት። ኮንሶሉ ለሌላቸው ቤተሰቦች ልጆች ዊ ሰጡ፤ ለግማሾቹ የሚያዘልሉ ጌሞች፣ ለግማሾቹ ተቀምጠው የሚጫወቷቸው። «ይህን ያህል ተጫወቱ» ብሎ ያዘዛቸው የለም፤ ልክ ከሱቅ ተገዝቶ ቤት እንደገባ ዕቃ። ወገባቸው ላይ በታሰረ መለኪያ ለ13 ሳምንት እንቅስቃሴያቸው ተመዘገበ። በ2012 ውጤቱ ሲታተም በሁለቱ ቡድኖች መካከል ልዩነት አልተገኘም። የሚያዘልለውን የወሰዱት ልጆች በቀናቸው ውስጥ ከሌሎቹ የበለጠ አልተንቀሳቀሱም። ወይ ጌሙን የተጫወቱት ሳይለፉ ነው፤ ወይ ሳሎን ውስጥ የዘለሉትን ያህል ውጭ መሮጡን ትተውታል።

«ፖኬሞን ጎ» በ2016 ሲወጣ ደግሞ ተስፋው ሌላ ነበር፤ ይኼኛው ሰውን ከቤት ያስወጣል። በእርግጥም ያን ሰሞን በየከተማው ስልኩን እያየ የሚሄድ ሰው በዛ። ከሃርቫርድ የወጣ ጥናት ወጣት አሜሪካውያን ተጫዋቾችን በስልካቸው የእርምጃ መቁጠሪያ ተከታተለ። በመጀመሪያው ሳምንት በአማካይ በቀን 955 እርምጃ ጨመሩ፤ አሥር ደቂቃ ገደማ የሚፈጅ መንገድ ነው። ከዚያ በየሳምንቱ እየቀነሰ ሄዶ በስድስተኛው ሳምንት ወደ ነበሩበት ተመለሱ። የአዲስ ዓመት የጂም አባልነትም ከዚህ የተለየ ዕድሜ ያለው አይመስልም።

እዚህ ላይ «እንግዲያው ማጭበርበሪያ ነው» ብሎ መዝጋት ይቀላል። ግን የሉዊዚያናውን ታሪክ መዝለል ይሆናል። እዚያ ክብደታቸው ከልክ ያለፈ 46 የ10፣ የ11 እና የ12 ዓመት ልጆች ተመርጠው ግማሾቹ ቤታቸው ሆነው በ«ኪኔክት» ካሜራ የሚሠሩ ጌሞችን ለ24 ሳምንት ተጫወቱ። ውጤታቸው በ2018 ሲወጣ፣ ከዕድሜያቸው አንጻር የሚሰላው የክብደት መለኪያ በተጫወቱት ላይ ቀነሰ፤ ባልተጫወቱት ላይ ትንሽ ጨመረ። ጌሙ ያው ጌም ነው። ታዲያ ከሂዩስተን ምን ለየው? በሳምንት ሦስት ቀን አንድ አንድ ሰዓት የሚል ፕሮግራም ነበራቸው። ቤተሰብ አብሮ ይጫወት ነበር። ከሁሉም በላይ ደግሞ በቪዲዮ እየደወለ «እንዴት ነው? የት ደረስክ?» የሚል አሠልጣኝ ነበራቸው። ይህ ሰው ካርቶኑ ውስጥ አይመጣም፤ ዋጋውም ኮንሶሉ ላይ አልተጻፈም።

ዕቃውም ቢሆን እንደ 2006ቱ አይደለም። በ2019 የወጣው የኒንቴንዶ «ሪንግ ፊት አድቬንቸር» ተጫዋቹን የሚታጠፍ ቀለበት ያስይዘዋል፤ ጭኑ ላይም መለኪያ ያስረዋል። ጭራቁን ለማሸነፍ ቁጭ ብድግ መሥራት፣ ቀለበቱን በኃይል መጫን ግድ ነው፤ ክብደት የለውም እንጂ የጡንቻ ሥራ ነው፣ ደረጃውም ከፍ ይላል። የኮሮና ጊዜ ሰው ቤቱ ሲዘጋበት ከገበያ ጠፍቶ ነበር። መነጽር ተደርጎ የሚሠሩትም ከዊ ይልቅ ልብን ያስመታሉ፤ በቼክ ሪፐብሊክ ባለሙያዎች የተሠራው «ቢት ሴበር» በሙዚቃ ምት የሚመጡ ሳጥኖችን በሰይፍ ያስቆርጣል፤ ከባድ ደረጃው ላይ የደረሰ ሰው ማውራት ያቅተዋል። ገበያው ምን ያህል እንደተፈለገ ለማወቅ ፍርድ ቤት መሄድ ይበቃል። የፌስቡክ ባለቤት ሜታ «ሱፐርናቹራል» የተባለውን የመነጽር ስፖርት መተግበሪያ ባለቤት ለመግዛት ሲነሣ፣ የአሜሪካ የንግድ ውድድር ተቆጣጣሪ በ2022 ከሶ ሊያስቆመው ሞከረ። በ2023 መጀመሪያ ዳኛው ጥያቄውን አልተቀበሉትም፤ ግዢው ተፈጸመ። መንግሥትና ቴክኖሎጂ ኩባንያ በሰው ላብ ተካሰሱ ማለት ነው።

ከሀበሻ አንጻር ይህ ዕቃ የሚረባው ለማን ነው? አዲስ አበባ ላለ ሰው ሒሳቡ አይገባም። ኮንሶሉና ጌሙ በውጭ ምንዛሪ የሚገቡ ናቸው፤ ገመድ ዝላይ ግን ገመድ ብቻ ነው የሚፈልገው። በ2018 መጨረሻ የተጀመረው «መንገድ ለሰው» መኪና የማይገባበት አስፋልት ለልጆች ለቅቆ ነበር፤ የሠፈር ሜዳ ላይ ሕንፃ እየቆመ ከቀጠለ ጌም የሚተካው ነገር አይኖርም። ሚኒሶታ ያለ ቤተሰብ ግን ሌላ ነው። አራት ወር በረዶ፣ አፓርታማ፣ ሁለት ፈረቃ የሚሠሩ ወላጆች። ዱባይና ሪያድ ደግሞ በተቃራኒው፤ በሐምሌ ቀትር ልጅን ውጣና ሩጥ ማለት ጭካኔ ነው። እንዲህ ባለ ቤት የሚያዘልል ጌም ከሜዳ ጋር አይደለም የሚወዳደረው፤ ከዩቲዩብ ጋር ነው። ያን ፉክክር ሊያሸንፍ ይችላል።

ለሚገዛ ሰው መመዘኛው ላብ አይደለም፤ ላብ የሙቀት ጉዳይም ነው። ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ቀላል ፈተና አለ፦ እየተጫወተ ማውራት የሚችል ግን መዝፈን የማይችል ሰው መካከለኛው ላይ ነው፤ ከጥቂት ቃል በኋላ ትንፋሹ የሚቆረጥበት ከባዱ ላይ ነው፤ መዝፈን የቻለ ገና አልጀመረም። ይህን ፈተና በገዙበት ቀን ሳይሆን በሰባተኛው ሳምንት ማድረግ ነው። ያኔ ኮንሶሉ አቧራ ካልለበሰ፣ ልጁም ተቀምጦ ማሸነፍ ካልጀመረ፣ ገንዘቡ አልባከነም።