ጠባይ ከዘር ነው ወይስ ከልማድ?

ሁለት ተረቶቻችን እርስ በርሳቸው ይጣላሉ። አንደኛው «ዘር ከልጓም ይስባል» ይላል፤ ሁለተኛው ደግሞ «የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ» ይላል። የፊተኛው ጠባይን ከትውልድ፥ የኋለኛው ከልማድ ያመጣዋል። ወጣቶች ሆይ፥ ከሁለቱ የትኛውን እንደምታምኑ ጎረቤታችሁን የምታዩበት ዓይን ይናገራል።

የጥንት የግሪክ ጠቢባን ስም ለአገራችን እንግዳ አይደለም። አባ ሚካኤል በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ከዓረብኛ ወደ ግዕዝ በመለሱት በ«መጽሐፈ ፈላስፋ ጠቢባን» ውስጥ የሶቅራጥስና የአርስጣጣሊስ ስም ይገኛል። ይህ አርስጣጣሊስ (ከክርስቶስ ልደት በፊት 384–322) በኒቆማኮስ ስም በሚጠራው የግብረ ገብ መጽሐፉ ከሁለተኛው ተረታችን ጋር ይስማማል። በእርሱ ትምህርት መልካም ጠባይ ከእኛ ጋር አይወለድም፤ የምንወለደው ልንቀበለው የምንችል ሆነን ነው። ግንበኛ በመገንባት ግንበኛ እንደሚሆን ሁሉ፥ ሰውም ቅን ሥራ በመሥራት ቅን፥ በአደጋ ፊት በመቆም ደፋር ይሆናል። ልግስናም በንፉግነትና በአባካኝነት መካከል ይገኛል፤ መካከሉንም የሚያገኘው ደጋግሞ የሠራ ነው።

ነገር ግን ይኸው ጠቢብ ስለ አገር አስተዳደር በጻፈው መጽሐፉ አንዳንድ ሰዎች በተፈጥሮ ባሮች ናቸው ብሏል። በልማድ ትምህርቱ የከፈተውን በር በዚህ ዘጋው።

እኛስ? በወላይታ ሸክላ ሠሪ ሲናቅ ኖሯል፤ በሠራችው ድስት ወጥ እየበላን፥ ከእርሷ ወገን ጋር መብላትና መጋባት ነውር ነው ተብሏል። በቦዲቲ ገበያ ማሰሮውን አንኳኩተን መርምረን እንገዛለን፤ ሠሪዋን ግን ሳንመረምር በአያቷ እንፈርድባታለን።

በማስተማር በኖርሁበት ዘመን ያየሁት ይህን ነው፤ ከሸክላ ሠሪ ልጅ አጠገብ መቀመጥን የተጸየፈ ተማሪ በምክር ብቻ አይለወጥም። ሁለቱ አንድ አግዳሚ ወንበርና አንድ መጽሐፍ ሲጋሩ፥ አንዱ ላንዱ ሒሳብ ሲያስረዳ ግን፥ መጸየፉ ቀስ በቀስ ይጠፋል። መጀመሪያ እጅ ይሠራል፤ ልብ በኋላ ይከተላል። ንቀትም በልማድ የተማርነው ነውና በልማድ ይነቀላል።

ስለዚህ ልባችሁ እስኪፈቅድ አትጠብቁ። የተናቀውን ጎረቤታችሁን ዛሬ ቡና ጥሩት፤ እርሱ ሲጠራችሁም ሄዳችሁ ጠጡ፤ ነገም ድገሙት።