«ታርጌት» የቱ ነው?

ሊንክ የሚፈጥረው፣ ኤልኤን የሚባለው ትእዛዝ ከ1971ዱ የመጀመሪያው የዩኒክስ ማንዋል ጀምሮ አለ። የሚፈልገው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ነባሩንና አዲሱን ስም። እንዲያም ሆኖ ዓመታት ሊኑክስ ላይ የሠራ ሰው ሳይቀር «የቱ ነበር የሚቀድመው?» ይላል። በሰዉ አልፈርድም፤ ጥፋቱ የማንዋሉ ነው።

የግኑ ማንዋል የመጀመሪያውን «ታርጌት»፣ ሁለተኛውን «ሊንክ ኔም» ይለዋል። የዩኒክስ ስታንዳርዱ ፖዚክስ ደግሞ የመጀመሪያውን «ሶርስ ፋይል»፣ ሁለተኛውን «ታርጌት ፋይል»። ቅደም ተከተሉ አንድ ነው። ታርጌት ግን እዚያ ቀድሞ የነበረው፣ እዚህ ገና የሚፈጠረው ነው! በዚያ ላይ የፋይል ዝርዝር የሚያወጣው ኤልኤስ ሲምሊንክን (ሲምቦሊክ ሊንክን) ሲያሳይ አዲሱን ስም ያስቀድምና በቀስት ወደ ነባሩ ያመለክታል፤ ከጻፍነው ተገልብጦ ማለት ነው። (የዊንዶውሱ ኤምኬሊንክ ጭራሽ ሊንኩን አስቀድመህ ጻፍ ይላል። እሱን እንተወው።)

ለእኔ ግን ዋናው ችግር ቅደም ተከተሉ አይደለም። ሁለት የማይመሳሰሉ ሥራዎች፣ ሃርድ ሊንክ መፍጠርና ሲምቦሊክ ሊንክ መፍጠር፣ በአንድ ጥንድ ቃል መገለጻቸው ነው።

ሃርድ ሊንክ ወደ ምንም አይጠቁምም። ፋይሉ ማለት አይኖዱ (ሲስተሙ ስለ ፋይሉ የሚይዘው መዝገብ) ነው፤ ሃርድ ሊንክ ሌላ ስም ይጨምርለታል፣ ልክ የቤት ስምና የክርስትና ስም እንዳለው ሰው። ዋናና ቅጂ የለም፤ ቀድሞ የወጣው ስም ከኋለኛው አይበልጥም። የማጥፊያው ትእዛዝ አርኤም የሚሰርዘው ስሙን ነው። ይዘቱ የሚለቀቀው የመጨረሻው ስም ሲጠፋና ፋይሉን ከፍቶ የያዘ ፕሮግራም ሳይኖር ሲቀር ነው። ታዲያ እዚህ «ታርጌት» ምን ይሠራል?

በ1983 ከ4.2 ቢኤስዲ ጋር የመጣው ሲምቦሊክ ሊንክ ሌላ ፍጥረት ነው። ራሱን የቻለ ትንሽ ፋይል ሲሆን በውስጡ የያዘው የፓዝ ጽሑፍ ብቻ ነው። ኤልኤን ያንን ጽሑፍ እንደሰጡት ይጽፈዋል፤ ፋይሉ ይኑር አይኑር አያጣራም። ስለዚህ «ሶርስ ፋይል» ማለትም ያሳስታል፤ ፋይል ላይኖር ይችላላ። አንጻራዊ ፓዝ ከሰጡት ደግሞ የሚነበበው ሊንኩ ካለበት ፎልደር ተነስቶ ነው እንጂ ትእዛዙን ከጻፉበት አይደለም። ብዙው የተሰበረ ሲምሊንክ የሚወለደው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

የሚገርመው፣ መፍትሔው ስለ ሲስተም ኮሎች በሚያወራው የሊኑክስ ማንዋል ክፍል 2 ውስጥ ተጽፎ ተቀምጧል። የሊንክ ሲስተም ኮል «ኦልድ ፓዝ» እና «ኒው ፓዝ» ይላል፤ የሲምሊንኩ «ታርጌት» እና «ሊንክ ፓዝ»። ለየሥራው የየራሱ ጥንድ። የኤልኤን ገጽም ሁለቱን ለያይቶ በእነዚሁ ስሞች ቢጽፍ፣ ከትእዛዙ አንድ ፊደል መንካት አያስፈልግም።