ከቤት ኪራይ ወደ ጓሮ፤ በቢሾፍቱ ጥቁር አፈር ላይ

ከአዲስ አበባ ተነሥታችሁ፣ በአሮጌው መንገድ ዱከምን አልፋችሁ ወደ ቢሾፍቱ ስትወርዱ ግራና ቀኝ ያለውን መሬት ልብ ብላችሁት ታውቃላችሁ? በክረምት ጫማ የሚያስቀር ጭቃ፣ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ነው። ጤፍና ሽምብራ ይወዱታል። ቁንጮ የሚባለው የጤፍ ዝርያም የወጣው ከዚሁ ከተማ የምርምር ማዕከል ነው። ከቤት ጋር ግን አይስማማም፤ ውኃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ በዚህ መሐል ግድግዳ ይሰነጥቃል። ልጄና ባለቤቱ ከአሥራ አንድ ዓመት የኪራይ ኑሮ በኋላ የገዙት የመጀመሪያ ቤት የቆመው በዚህ አፈር ላይ ነው።

የቢሾፍቱ ስም ሲነሣ ሁሉም ሰው የሚያስበው ሐይቆቹን ነው። እነሆራና ባቦጋያ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ በቆፈራቸው ጉድጓዶች ውስጥ የተኙ ናቸው፤ በአካባቢያቸውም ለዶማ የማያስቸግር ቀላል አፈር አለ። የልጆቼ ሰፈር ግን ከዚያ ራቅ ብሎ ወደ ሜዳው የወጣ ነው።

ልጄ ቁልፉን በተረከበ በሳምንቱ ግቢውን በሙሉ ሲሚንቶ ሊያስለብስ ግንበኛ አነጋገረ። "አባዬ፣ ክረምት ሲገባ ጭቃው ሳሎን ድረስ ይመጣል" አለኝ። እውነቱን ነው። የባንክ ዕዳ ያለበት ሰው በየዓመቱ ግቢ ሲጠግን መኖር አይችልም። በሌላ በኩል የስድስት ዓመቷ የልጅ ልጄ አለች። ያደገችው አከራይዋ "ውኃ ይንጠባጠባል" ብለው በጣሳ አበባ እንኳ በከለከሉበት ፎቅ ላይ ነው። ጎመን ከየት ይመጣል ብትሏት "ከጉሊት" ትላችኋለች። ግቢው አንዴ ከተለበሰ ደግሞ ማን መልሶ ይፈነቅለዋል?

ሁለት እሑድ ከተከራከርን በኋላ ተስማማን። የፊት ለፊቱ ለመኪናውና ለእግር ሲሚንቶ ሆነ። ከቤቱ ሥር ዙሪያውን አንድ ሜትር ስፋት ያለው ሲሚንቶ ወደ ውጭ አዘንብሎ ተሠራ። ይህን የጠየቀው ልጄ ነው፤ ልክም ነበር፤ በእንዲህ ያለ አፈር ላይ አትክልት የሚጠጣው ውኃ መሠረት ሥር እንዲገባ አይፈለግም። ከኩሽናው ጀርባ ያለው ስድስት ሜትር በዘጠኝ ለጓሮ ቀረ።

አዲስ ቤት የገዛ ሰው ይህን ይወቅ፦ ጓሮ ተብሎ የሚሰጠው ቦታ ግንበኞች የተረፋቸውን ሁሉ የጣሉበት ነው። ከዚያች ትንሽ መሬት የብሎኬት ስባሪ፣ ሚስማር፣ የደረቀ ሲሚንቶና ቀይ አሽ በጋሪ ሙሉ ወጣ። መቆፈሪያውን ጊዜ የነገሩን ጎረቤታችን ናቸው፤ ዕድሜያቸውን እዚያው ሲያርሱ የኖሩ እናት። "ጋሼ፣ ይህ አፈር ሲጠማውም ሲጠግብም አይነካም" አሉኝ። ሲደርቅ ዶማውን ይመልሰዋል፣ ሲርስ ዶማው ላይ ይጣበቃል። የበልግ ካፊያ ከጣለ በኋላ ያሉትን ጥቂት ቀናት ጠብቀን በሚያዝያ ቆፈርን።

መደቦቹን ከመሬት ከፍ አድርገን፣ በመሐላቸው ቦይ አወጣን። አዲስ ብልሃት አይደለም፤ በሰሜን ሸዋ፣ በእነዋሪ፣ ገበሬው ጥቁሩን አፈር በእጁ እየሰበሰበ እንዲህ ያለ ሰፊ መደብ ሲሠራ የኖረው ውኃ ሰብሉን እንዳይተኛበት ነው። በላዩ የከብት ፍግና የጤፍ ጭድ ቀላቀልንበት። ጎመኑና ቆስጣው በዚያው ክረምት ለወጥ ደረሱ። ጤና አዳሙንና ጠጅ ሣሩን ባለቤቴ ከራሷ ጓሮ አምጥታ ተከለች፤ እነሱን ከሱቅ መግዛት እንደ ነውር ነው የምታየው።

ብዙ ያነጋገረን አቮካዶው ነው። ባለቤቴ ፍሬውን በልታ ዘሩን መቅበር ፈለገች። ከዘር የበቀለ አቮካዶ እስኪያፈራ ስድስት ሰባት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። የተዳቀለው ችግኝ ግን በሦስት በአራት ዓመት ሊያፈራ ይችላል። እኔ ሰባ አንድ ዓመቴ ነው፤ የተዳቀለው ይገዛ አልኩ። ምራቴ ዝም ብላ ሄዳ ገዝታ መጣች።

አቮካዶ ውኃ የቆመበት መሬት ላይ ሥሩ ይበሰብሳል። ስለዚህ እንደ ሌላው ዛፍ ጉድጓድ ውስጥ አላስገባነውም፤ ከቤቱ ርቆ በቆርቆሮው አጥር ማዕዘን፣ ከአንድ ክንድ የሚበልጥ ጉብታ ከምረን እዚያ ላይ ተከልነው። ሲያዩት መቃብር ይመስላል ብለው የሳቁብን አሉ። በበጋ ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ የሚጠጣው አትክልት የታጠበበትን ነው። ሳሙና የነካውን ግን ባለቤቴ አታስጠጋውም።

አሁን ሁለተኛ ክረምቱን ይዟል። ባለፈው ቅዳሜ ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አድሮ ጠዋት ወጥቼ አየሁት። ቦዮቹ ሞልተው ወደ መንገዱ ይወርዳሉ፣ ጉብታው ሥር ግን ውኃ አልተኛም። የልጅ ልጄ በእናቷ ቦቲ ጫማ ቆማ ቅጠሉን ትቆጥራለች።